በመንገድ ላይ የጥርስና የአፍ ጤንነት አጠባበቅ

ሰው ከቤቱ ወጥቶ ወደ ሌላ አገር በሚሄድበት ጊዜ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ስንቁ፣ ስለ ልብሱና ስለ ገንዘቡ ነው። ይህም የሚገባ ነው። ዳሩ ግን ያንኑ ስንቅ የሚያኝክለት ጥርሱ በምን ሁናቴ ላይ እንደሚገኝ መርምሮ የሚነሣ መንገደኛ ጥቂት ነው። እኔም ይህን ጽሑፍ ለመጽሔታችን ለማቅረብ የተነሣሣሁት በዚሁ ጉዳይ በቤታችን የደረሰውን ነገር ስላየሁና በነገሩም ውስጥ የራሴ ጥፋት ስላለበት ነው። ውድ የትምህርት ቤት ጓደኞቼ፣ የተከበራችሁ መምህራንና ወላጆች፤ የተማሪ ጽሑፍ ነውና ጉድለቱን በትዕግሥት አልፋችሁ ጥቅሙን እንድትወስዱ በትሕትና እለምናለሁ።

ነገሩ እንዴት እንደ ደረሰ

እኛ የሞላሌ ልጆች መንገድን ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃለን። ከየቀበሌው ወደ ትምህርት ቤት በእግር እንመላለሳለን፤ እህልና በግ ይዘን ገበያ እንወጣለን። ሩቅ አገር ስንሄድም በጣርማ በር በኩል ወጥተን ደብረ ብርሃን እንገባለን፤ ከዚያም 130 ኪሎ ሜትር ተጉዘን አዲስ አበባ እንደርሳለን። የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2015 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ መንገድ መውጣት ለተማሪ የትምህርቱ አንድ ክፍል ሆኗል።

ባለፈው ዓመት ታላቅ ወንድሜ ለዚሁ ፈተና ሄደ። እውነቱን ለመናገር ጥርሱ መታመም የጀመረው ከመሄዱ ከአራት ወር በፊት በየካቲት ነው። የታችኛው መንጋጋ ጥርሱ ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው፣ የማለዳው የመንዝ ብርድ ሲገባበት ይጠዘጥዘው ነበር። በአንድ ባና ሥር ስንተኛ ሌሊት ሲገላበጥ ሰማሁትና ምን እንደ ሆነ ጠየቅሁት። «ጥርሴ ነው፤ ለአባዬ እንዳትነግር። በግ ሽጦ ለመንገዴ ያኖራት ገንዘብ ለጥርስ ታልቃለች። ፈተናው ይለፍና አስነቅለዋለሁ» አለኝ። እኔም ታማኝ ወንድም የሆንሁ መስሎኝ ምስጢሩን ጠበቅሁ። እንዲያውም ከእናቴ ሙዳይ ቅርንፉድ እየሰረቅሁ የማመጣለት እኔ ነበርሁ።

የመሄጃው ቀን ሲደርስ እናቴ የገብስ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና በስኳር የተለወሰ በሶ ሰነቀችለት። የጥርስ ብሩሽ ግን ማንም አላሰበም። በመኪናው ውስጥ በመንገዱ ጠመዝማዛ አስመለሰው፤ አፉን ለማጣፈጥ ከረሜላ እየመጠጠ ሄደ። ፈተናው በተጀመረ በሁለተኛው ቀን ማታ ጕንጩ አበጠ። በማግስቱ አፉን መክፈት አቃተው፤ ትኩሳትም ያዘው። ወደ ሐኪም ቤት ተወሰደ፤ መግሉ ወጣለት፤ ጥርሱም ተነቀለ። ሕይወቱ ተረፈ፤ ዳሩ ግን የሁለት ትምህርት ፈተና አመለጠው። ውጤቱ ሲመጣ ከግማሽ በታች ሆነ።

አባቴና እኔ ልንወስደው በሄድንበት ጊዜ የጥርስ ሐኪሙ ያለን ቃል ከጆሮዬ አይጠፋም። «ይህ ጥርስ በመንገድ የታመመ አይደለም። በክረምት የወደቀ ቤት በበጋ ያዘመመ ነው። በየካቲት ብታመጡት ኖሮ በአንድ ቀን ሥራ ተሞልቶ በቦታው ይቀር ነበር» አለን። አባቴ ወደ እኔ ዞሮ «አንተስ ታውቅ ኖሯል?» ብሎ ጠየቀኝ። አዎን አልሁት። ሌላ ቃል አልተናገረኝም። እናቴ ደግሞ ነገሩን ስትሰማ «ቅርንፉዱ ሲያልቅብኝ ለሻይ እየወሰዳችሁት መስሎኝ ነበር» ብላ አለቀሰች። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚሉት ለካ የሚደብቀውን ብቻ ሳይሆን የሚያስደብቀውንም ነው።

ከዚያ በኋላ ስለ ጥርስ ያነበብሁትንና ከሐኪሞች ጠይቄ የተረዳሁትን ከዚህ ቀጥሎ በየተራው አቀርባለሁ።

ጥርስ እንዴት ይበሰብሳል?

አያቴ ጥርስ የሚታመመው ትል ሲበላው ነው ትላለች። ብዙ ሕዝብም በዓለም ሁሉ ለብዙ ዘመን እንዲህ ሲያምን ኖሯል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በአፋችን ውስጥ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች አሉ፤ ከእነርሱም ውስጥ ዋነኛው ስትሬፕቶኮከስ ሙታንስ ይባላል። እነዚህ በጥርስ ላይ ስስና የሚያጣብቅ እድፍ ሠርተው ይኖራሉ። ሰው ስኳር ወይም የተፈጨ እህል በበላ ቍጥር እነርሱም ይበላሉ፤ በልተውም አሲድ ያወጣሉ። የአሲዱ ብርታት ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ፣ ማለት ፒኤች የሚባለው መለኪያ ከ5.5 ገደማ ሲወርድ፣ ጠንካራው የጥርስ ሽፋን ካልሲየሙንና ፎስፌቱን እያጣ ይሟሟል።

ፈጣሪ ለዚህ የሰጠን መከላከያ ምራቅ ነው። ምራቅ አሲዱን ያበርዳል፤ የጠፋውንም ማዕድን ቀስ በቀስ ይመልሳል። ይህም ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። እንግዲህ አንድ ሰው በቀን ሦስት ጊዜ ቢበላ ምራቁ የተጎዳውን ለመጠገን ጊዜ ያገኛል። በየሩብ ሰዓቱ ጣፋጭ ነገር ቢቀምስ ግን አሲዱ ቀኑን ሙሉ አይበርድም። ስለዚህ የስኳሩ መጠን ብቻ ሳይሆን የሚቀመስበት ጊዜ መደጋገሙም ጥርስን ይጎዳል። ቀዳዳው ወደ ውስጥ ዘልቆ ነርቭና ደም ሥር ካለበት ቦታ ሲደርስ ሕመሙ ይጀምራል፤ ከዚያም አልፎ ወደ ሥሩ ሲወርድ መግል ይቋጥራል። የወንድሜም ጥርስ የደረሰው እስከዚህ ነበር።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2022 ባወጣው ዘገባ 3.5 ቢሊዮን ያህል ሕዝብ የአፍና የጥርስ በሽታ እንዳለበት አስታውቋል።

መንገድ ጥርስን የሚጎዳው ስለ ምንድን ነው?

አንደኛ፤ መንገደኛ በሰዓቱ አይበላም። ኪሱ ውስጥ ያለውን ጥቂት በጥቂት ይቆረጥማል፤ መኪናው በቆመበት ሁሉ ከረሜላ፣ ብስኩትና ለስላሳ ይገዛል። በአንድ ትንሽ ጠርሙስ ለስላሳ ውስጥ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለ፤ ይህም ስድስት ወይም ሰባት የሻይ ማንኪያ ያህል ነው።

ሁለተኛ፤ መንገደኛ ውኃ አይጠጣም። መኪናው አይቆምልኝም ብሎ ይፈራል። አፍ ሲደርቅ ምራቅ ያንሳል፤ ምራቅ ሲያንስ ጥርስ መከላከያ ያጣል፤ አፍም ይሸታል። በጾም ቀን ይህ ይብሳል።

ሦስተኛ፤ ብዙዎቻችንን መኪና ያስመልሰናል። ከሆድ የሚወጣው ነገር ብርቱ አሲድ ያለበት ስለ ሆነ የጥርስን ሽፋን ያለሰልሳል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው አፉን ለማጽዳት ወዲያው ጥርሱን ይፍቃል። ይህ ስሕተት ነው፤ የለሰለሰውን ሽፋን ይልጠዋልና። የሚገባው አፍን በንጹሕ ውኃ ደጋግሞ መጉመጥመጥና ግማሽ ሰዓት ያህል ቈይቶ መፋቅ ነው።

አራተኛ፤ ስንቃችን ጠንካራ ነው። ቆሎ መልካም ምግብ ነው፤ ጣፋጭም ስላልሆነ ከከረሜላ እጅግ ይሻላል። ነገር ግን በውስጡ አንዲት ጠጠር ብትኖር ቀዳዳ ያለበትን ጥርስ ትሰብረዋለች። እናቶቻችን ቆሎውን ከመቁላታቸው በፊት አበጥረውና ለቅመው ይስጡን፤ እኛም በጨለማ መኪና ውስጥ እፍኝ ሙሉ አንቃም።

አምስተኛ፤ ከፍታ ይለዋወጣል። ቀዳዳ ባለበት ወይም በደንብ ባልተሞላ ጥርስ ውስጥ አየር ሊታፈን ይችላል። የውጪው አየር ግፊት ሲቀንስ የታፈነው አየር ይሰፋና ነርቩን ይጫናል። ይህ ሕመም በይበልጥ የታወቀው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአውሮፕላን አብራሪዎች ላይ ነው። በአውሮፕላን ለመሄድ የሚያስብ ሰው የታመመ ጥርሱን አስቀድሞ ያሳክም።

ከመነሣት በፊት

ከሁሉ የሚበልጠው ምክር ይህ ነው፤ ረጅም መንገድ ወይም ትልቅ ጉዳይ ያለበት ሰው ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ጥርሱን ለባለሙያ ያሳይ። ብርድ ሲነካው የሚጠዘጥዝ፣ ምግብ የሚቀረቀርበት፣ ጥቁር ነጥብ ያለው ወይም ድዱ የሚደማ ቢሆን «ስመለስ አየዋለሁ» አይበል። «ሳይቃጠል በቅጠል» ይባላል። ትንሽ ቀዳዳ መሙላት ከመንቀል፣ ከመርፌና ከመኝታ ወጪ ሁሉ ያንሳል።

በስንቁም መካከል እነዚህን ይጨምር፤ ለስላሳ ፀጉር ያለው የጥርስ ብሩሽ፣ ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙና፣ ጥቂት ጨው በወረቀት፣ ንጹሕ ውኃ በጠርሙስ። ብሩሹ ከተጠቀሙበት በኋላ በደንብ ተራግፎና ደርቆ ይቀመጥ፤ እርጥብ እንደ ሆነ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከከረመ ይበላሻል። ሦስት ወር ሲሞላው ወይም ፀጉሩ ሲንጨባረር ይለወጥ። በምንም ምክንያት ብሩሽን ለሌላ ሰው ማዋስ አይገባም፤ ከሚደማ ድድ በደም የሚተላለፍ በሽታ ሊጋባ ይችላልና።

በመንገድና በእንግድነት ጊዜ

ጥርስ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በያንዳንዱም ጊዜ ሁለት ደቂቃ ያህል ይፋቅ። ከሁለቱ የሚበልጠው የማታው ነው፤ በእንቅልፍ ጊዜ ምራቅ ስለሚያንስ ያደረ ምግብ ብዙ ይጎዳል። ከተፋቁ በኋላ አረፋውን መትፋት ይበቃል፤ በብዙ ውኃ ማጠብ ፍሎራይዱን ይወስደዋል። ለመቍረብ የተዘጋጀ ሰው ጠዋት ውኃ ወደ አፉ አያስገባምና ማታውን ከመተኛቱ በፊት አጥብቆ ያጽዳ።

የሚጉመጠመጡበት ውኃ የሚጠጣ ዐይነት መሆን አለበት። ብዙ ሰው የወንዝ ውኃ አልጠጣም ይልና በዚያው ውኃ አፉን ይጉመጠመጣል። ጥቂቱ ወደ ሆድ መግባቱ ስለማይቀር ተቅማጥና ታይፎይድ ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ የፈላ ወይም በመድኃኒት የታከመ ውኃ ይያዝ። ጣፋጭ መብላት ካስፈለገም ከምግብ ጋር በአንድ ጊዜ ይበላ፤ መንገዱን ሙሉ አይመጠጥ።

ስለ መፋቂያ

ብሩሽ የሌለው ሰው ምክንያት አያጣም፤ ነገር ግን መፋቂያ አለን። አባቶቻችን ከወይራና ከክትክታ እየቈረጡ ጥርሳቸውን ሲያጸዱ ኖረዋል። ባለ ፀጉር ብሩሽ በቻይና ከታወቀ ብዙ መቶ ዓመት ሆኖታል፤ ዛሬ የምንገዛው የናይሎን ብሩሽ ግን በገበያ የዋለው በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1938 ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ1986 መፋቂያ ልማድ በሆነበት አገር ሕዝቡ እንዲጠቀምበት አበረታትቷል። እንግዲህ መፋቂያ የድኻ ዕቃ ነው ብሎ ማፈር አይገባም።

ዳሩ ግን አጠቃቀሙን ማወቅ ያስፈልጋል። እንጨቱ እርጥብና እንደ እርሳስ ያለ ውፍረት ያለው ይሁን። ጫፉ እንደ ብሩሽ እስኪሆን ድረስ ይታኘክ። ከድድ ወደ ጥርስ ጫፍ በቀስታ ይፋቅ እንጂ ወደ ጎን በኃይል አይገፍተር፤ ድዱ ይሸሻልና። ብዙ ሰው የሚታየውን የፊት ጥርሱን ብቻ እያነጻ መንጋጋውን ይረሳል፤ የሚበሰብሰው ግን ይበልጡን ያ ነው። የተጠቀሙበት ጫፍ ተቈርጦ ይጣል። እንደ ቁልቋል ያለ ወተት የሚያወጣ እንጨት ወይም የማያውቁት ቍጥቋጦ ወደ አፍ አይግባ። መፋቂያ የጥርስ ሳሙና ውስጥ ያለውን ያህል ፍሎራይድ አይሰጥም፤ ስለዚህ የሚቻለው ሰው ሁለቱን ያስተባብር።

ወደ ቆላ ስለሚወርድ መንገደኛ

ከአገራችን ወጥቶ ወደ ስምጥ ሸለቆ፣ ለምሳሌ ወደ መተሐራ ወይም ወደ ወንጂ የሚሄድ ሰው ጥርሳቸው ቡናማ የሆነ ሰዎች ያያል። ይህ ያለ መታጠብ ያመጣው እድፍ አይደለምና ማንም እንዳይስቅባቸው። ምክንያቱ ከከርሰ ምድር በሚወጣው ውኃ ውስጥ ፍሎራይድ መብዛቱ ነው። በአሜሪካ በኮሎራዶ ስፕሪንግስ ከተማ ፍሬድሪክ ማኬይ የተባለ የጥርስ ሐኪም በ1901 ይህንኑ ዐይነት ቡናማ ጥርስ አይቶ መመርመር ጀመረ፤ ምክንያቱ ፍሎራይድ መሆኑ የታወቀው ግን በ1931 ነው። በምርመራውም ጥርሳቸው የቀለመው ሰዎች ጥርሳቸው በቀላሉ እንደማይበሰብስ ታየ። ስለዚህ በ1945 ግራንድ ራፒድስ የምትባለው ከተማ በዓለም የመጀመሪያዋ ሆና ፍሎራይድን በመጠኑ በመጠጥ ውኃዋ ላይ ጨመረች። እንግዲህ አንዱ ነገር በመጠኑ መድኃኒት፣ ሲበዛ ጉዳት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የወሰነው መጠን በአንድ ሊትር ውኃ ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ነው። ጥርስን የሚያቀልመው ጥርሱ በድድ ውስጥ በሚሠራበት በሕፃንነት ጊዜ ስለ ሆነ፣ ለጥቂት ቀን የሚሄድ ጐልማሳ መፍራት አያስፈልገውም። ሕፃን ይዞ ሊኖርበት የሚሄድ ቤተሰብ ግን ስለ ውኃው ይጠይቅ።

ሕመም በመንገድ ላይ ቢነሣ

በመጀመሪያ በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ መጉመጥመጥ ነው። የተቀረቀረ ምግብ ቢኖር በቀስታ ይውጣ፤ በመርፌና በምስማር አይጎርጎር። ቅርንፉድ ሕመሙን ለጊዜው ያደነዝዛል፤ በሽታውን ግን አያድንም። እኔ ለወንድሜ ያመጣሁለት ቅርንፉድ ያደረገው ቢኖር ለአራት ወር ዝም ማሰኘት ነው። አስፕሪን በድድ ላይ ማስቀመጥ ሥጋውን ያቃጥላል። አረቄ መያዝና ትምባሆ መጐስጐስም እንዲሁ ጉዳት እንጂ ጥቅም የላቸውም። አሞክሳሲሊንን የመሰለ መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሁለትና ሦስት ፍሬ ገዝቶ መዋጥ በሽታውን ሸፍኖ ያጠነክረዋል።

ፊት ወይም አንገት ካበጠ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ አፍ መክፈት ወይም መዋጥ ካስቸገረ፣ ይልቁንም መተንፈስ ከከበደ አንድ ሰዓት እንኳ ማባከን አይገባም፤ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው። የጥርስ መግል ወደ አንገት ከወረደ ትንፋሽ ዘግቶ ሊገድል ይችላል።

ከፈረስ፣ ከበቅሎ ወይም ከመኪና በመውደቅ የጐልማሳ ጥርስ ሙሉውን ቢወልቅ ተስፋ አይቈረጥ። ጥርሱን በሚታየው በነጩ በኩል ብቻ ይያዙ፤ ሥሩን አይንኩ፤ አይፈግፉት። ቈሽሾ ከሆነ በወተት ወይም በንጹሕ ውኃ ለአፍታ አለቅልቀው ወደ ቦታው ይመልሱትና ጨርቅ አስነክሰው ወደ ሐኪም ይሂዱ። መመለስ ካልተቻለ በወተት ውስጥ ይቀመጥ፤ ወተት በመንዝ አይታጣም። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከተመለሰ የመዳን ተስፋው ብዙ ነው። የሕፃን የወተት ጥርስ ግን ተመልሶ አይተከልም።

መደምደሚያ

ዘንድሮ ወንድሜ በግል ተፈታኝነት ለፈተና ይቀመጣል፤ እኔም ከክፍል ጓደኞቼ ጋር እቀመጣለሁ። አብረን እንሄዳለን። በጥር ወር አባቴ አንድ በግ ሸጦ ሁለታችንንም የጥርስ ሐኪም ዘንድ ወሰደን። ሕመም ያልተሰማኝ እኔ በመንጋጋዬ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ተገኘብኝ፤ በዚያው ቀን ተሞላልኝ። ወንድሜ የተነቀለበትን ባዶ ቦታ በምላሱ እየነካ «የአንተ በረከሰ» ብሎ ሳቀ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልሁም።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ከእናንተ መካከል ሌሊት የሚጠዘጥዘው፣ በአንድ ወገን ብቻ የሚያኝክ፣ ለወላጆቹ ወጪ አዝኖ ዝም ያለ ቢኖር ዛሬውኑ ይናገር። ምስጢሩን የሚያውቅ ወንድም ወይም ጓደኛ ቢኖር ደግሞ እንደ እኔ ቃሌን ጠበቅሁ ብሎ አይመካ፤ ይንገርበት። ወላጆቻችንም ስንቅ በምትቋጥሩበት ጊዜ «ጥርስህ እንዴት ነው?» ብላችሁ ጠይቁን። እናቴ ለዘንድሮው መንገድ ከአሁኑ አንድ ትንሽ ከረጢት ሰፍታልናለች። በውስጡ ሁለት ብሩሽ፣ አንድ የጥርስ ሳሙናና በወረቀት የተጠቀለለ ጨው አለ። ቅርንፉድ አላደረገችበትም።

ለሁላችንም መልካም መንገድና መልካም ውጤት እየተመኘሁ ጽሑፌን በዚህ እፈጽማለሁ።